ራሱን ማስረዳት የማይችል ሕመምተኛ ካርድ እንዴት ይጻፋል?

ሐዋሳ ላይ ዋርድ የሠራ ነርስ ያውቀዋል። አንደኛው አልጋ ላይ ከአለታ ወንዶ የመጡ እናት አሉ፤ ከሲዳሙ አፎ ሌላ አይናገሩም። አጠገባቸው ከሻሸመኔ በሪፈር የመጣ ወጣት ራሱን ስቶ ተኝቷል። ጥግ ላይ ፖሊስ ከመንገድ አንስቶ ያመጣው ሰው አለ፤ ስሙን የሚያውቅ የለም፣ አስታማሚም የለውም። እነዚህ ሰዎች "ሲስተር፣ እዚህ ጋ አመመኝ" ብለው አይጠሩም። ሺፍት ሲቀየር የሚናገርላቸው ካርዳቸው ነው። ካርዱ ላይ ያለው "ሴም ኬር ኮንቲኒውድ" (ያው እንክብካቤ ቀጥሏል) ብቻ ከሆነ፣ አዲስ የገባችው ነርስ ከዜሮ ትጀምራለች።

ደረጃውን የጠበቀ የነርሲንግ ቃል የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ችግሩ የታወቀ ስም ካለው፣ ማታ የገባችውም ጠዋት የሚመጣውም አንድ ነገር ይረዳሉ። ቃሉ ብቻውን ግን ምንም አያደርግም። ከሥሩ የታየ ወይም የተለካ ነገር ከሌለ ጌጥ ነው። ካርድ የምንጽፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ቃላቱን እዚህ እንደምንጠራቸው በፊደላችን አስቀምጫለሁ።

1. ዋርዱ አንድ መጽሐፍ ይምረጥ

ብዙዎቻችን የተማርነው ናንዳ የሚባለውን የነርሲንግ ዲያግኖሲስ ዝርዝር ነው። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ሴንት ሉዊስ ውስጥ በተካሄደ ጉባኤ ነው። ናንዳ የችግሩን ስም ይሰጣል። ነርስ የምትሠራውን ሥራ የሚሰይመው ኒክ በ1992፣ ውጤቱን የሚለካው ኖክ በ1997 ታተሙ፤ ሁለቱም የወጡት ከአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤትም አይ ሲ ኤን ፒ የሚባል የራሱ የቃላት ስብስብ አለው። የቱ ይበልጣል የሚለውን ክርክር ለመምህራን እንተወው። ለዋርድ የሚጠቅመው አንዱን ይዞ መቆየት ነው።

እትሙም አንድ ይሁን። ለምሳሌ የድሮው ናንዳ "ሪስክ ፎር ፎልስ" (የመውደቅ አደጋ) ይላል። አዲሱ አዋቂን ከልጅ ለይቶ "ሪስክ ፎር አደልት ፎልስ" ይላል። ግማሹ ነርስ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ከጻፈ ወር መጨረሻ ላይ መቁጠር አይቻልም። ዋርዳችሁ ላይ ደጋግመው የሚመጡትን አሥራ አምስት ወይም ሃያ ቃላት በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ነርስ ስቴሽን ላይ ለጥፉ። መጽሐፉን በየሰዓቱ የሚገልጥ ሰው አላየሁም፤ ግድግዳ ላይ ያለውን ግን ሁሉም ያያል።

2. ቃል ከመፈለጋችሁ በፊት ሰውየውን እዩ

ትልቁ ችግራችን ይሄ ነው። ፎርሙ ይመጣል፣ እጃችን "አኪውት ፔን" (ድንገተኛ ሕመም)፣ "አንግዛይቲ" (ጭንቀት)፣ "ኖውሌጅ ዴፊሲት" (የእውቀት ማነስ) ብሎ ይሞላል፣ ሕመምተኛውን ገና አላየነውም። የአሥር አልጋ ኬር ፕላን (የእንክብካቤ ዕቅድ) አንድ ዓይነት የሚሆነው ለዚህ ነው። ራሱን የሳተ ሰው ካርድ ላይ "ኖውሌጅ ዴፊሲት" ሲጻፍ ማንን ልናስተምር እንደሆነ አይገባኝም።

ሕመምተኛው ሲገባ ቢያንስ እነዚህን እዩና ጻፉ። ይናገራል? በምን ቋንቋ? አብሮት ያለው ማነው፣ ሌሊትስ ያድራል? ራሱ መዞር ይችላል? ሲውጥ ያስለዋል? ይሰማል፣ ያያል? ሽንቱን ይቆጣጠራል? ከመምጣቱ በፊት መቼ በላ? ወደ ቤቱ ቢመለስ ደህና ነው ወይስ የሚፈራው ሰው አለ?

ቋንቋው ላይ ትንሽ ልቆይ። ስትሮክ የመታቸው እናት ለአማርኛ ጥያቄ መልስ ካልሰጡ፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። አንደኛ፣ አማርኛ አይችሉም። ሁለተኛ፣ በሽታው ንግግራቸውን ይዞታል፤ በተለይ ድካሙ በቀኝ በኩል ከሆነ ይህ በደንብ መጠርጠር አለበት። መለያው ቀላል ነው። ልጃቸውን "በራሳቸው ቋንቋ ስታናግራቸው ይመልሳሉ? የሚሉት ይገባሃል?" ብላችሁ ጠይቁ። በሲዳሙ አፎ በደንብ የሚያወሩ ከሆነ "ኢምፔርድ ቨርባል ኮሙኒኬሽን" (የንግግር መግባባት ችግር) ብላችሁ አትጻፉባቸው። ጉድለቱ የዋርዱ እንጂ የእርሳቸው አይደለም። "ቋንቋ፦ ሲዳሙ አፎ፤ አስተርጓሚ፦ ወንድ ልጃቸው፣ ቀን ብቻ" ብሎ መጻፍ ይበቃል። በገዛ ቋንቋቸውም ቃል የሚጠፋባቸው ከሆነ ግን ቃሉ በትክክል ቦታውን ያገኛል።

የንቃት ደረጃ በሚለካው ግላስጎው ኮማ ስኬልም ላይ ያው ነው። ከ3 እስከ 15 የሚቆጠረው ነጥብ ውስጥ 5ቱ የንግግር ነው። የማይገባውን ጥያቄ ጠይቃችሁት ዝም ስላለ ነጥብ ከቆረጣችሁ፣ ያልነበረ ችግር ፈጥራችሁ ሐኪም ታስሮጣላችሁ። በአስተርጓሚ ከለካችሁ ያንን ከነጥቡ ጎን ጻፉ።

ከዚያ በቁጥር ለኩ። ለቆዳ፣ ማለትም ተኝቶ ከመቆየት ለሚመጣ ቁስል፣ ብሬደን የሚባል መለኪያ አለ፤ ስድስት ነገር ታያላችሁ፣ ድምሩ ከ6 እስከ 23 ነው፣ 18ና ከዚያ በታች አደጋ አለው ማለት ነው። እዚህ ላይ ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚያስፈራው፤ አዲስ ተማሪ ይህን ይገለብጠዋል። ለመውደቅ ሞርስ አለ፤ ብዙ ቦታ 45ና በላይ ከፍተኛ አደጋ ተብሎ ይያዛል። ግሉኮስ የተሰካለት ሰው በዚያ ብቻ 20 ነጥብ እንደሚያገኝ አትርሱ። ሕመሙን መናገር ለማይችል ትንሽ ልጅ ፍላክ አለ፤ ፊቱን፣ እግሩን፣ እንቅስቃሴውን፣ ለቅሶውንና ሲያባብሉት ዝም ማለቱን አይታችሁ ከ10 ትሰጣላችሁ። ከ6 እስከ 59 ወር ላለ ሕፃን የክንድ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት ነው። የሁለቱም እግር እብጠት ካለ ክንዱ ጥሩ ቢሆንም ያው ነው። እንዲህ ያለ ሕፃን ቶሎ ይቀዘቅዛል። ብብቱ ላይ ከ35 ዲግሪ በታች ካገኛችሁ "ሃይፖተርሚያ" ብላችሁ ጻፉና ከእናቱ ደረት ጋር አጣብቁት።

ቆዳን ስታዩ ደግሞ መጽሐፉ "መቅላት" የሚለው ጥቁር ቆዳ ላይ በግልጽ ላይታይ እንደሚችል አስታውሱ። በጣታችሁ ንኩት። ከጎኑ ካለው ቆዳ ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? ይጠጥራል ወይስ ይለሰልሳል? ሲነኩት ያማቸዋል? ቀለሙስ ጠቁሯል? ያገኛችሁትን ጻፉ።

3. ዓረፍተ ነገሩ ሦስት እግር ይኑረው

ለደረሰ ችግር፦ የችግሩ ስም፣ ከዚያ "ሪሌትድ ቱ" ብሎ ምክንያቱ፣ ከዚያ "አዝ ኤቪደንስድ ባይ" ብሎ ያያችሁት ምልክት። ገና ላልደረሰ ነገር ግን ሊደርስ ለሚችል፦ "ሪስክ ፎር" ከተባለ በኋላ "አዝ ኤቪደንስድ ባይ" ብሎ አደጋውን የሚያመጡትን ነገሮች መዘርዘር። ብዙዎቻችን ስንማር ለሪስክም "ሪሌትድ ቱ" ነበር የተነገረን፤ አዳዲሶቹ እትሞች ላይ እንዲህ ሆኗል።

ምክንያቱ ቦታ ላይ የሐኪሙን ዲያግኖሲስ አትድገሙ። "ሪሌትድ ቱ ስትሮክ" ብትሉ ስትሮኩን የምታድኑት እናንተ አይደላችሁም። "በራሳቸው መዞር ስለማይችሉ፣ ሽንት ስለሚያረጥባቸው" ካላችሁ ግን ማዞርም ማድረቅም የእናንተ ሥራ ነው። ምክንያቱ በትክክል ከተጻፈ ሥራው ራሱ ከእሱ ይወጣል።

ሦስት ወይም አራት ችግር ይበቃል። ቅደም ተከተሉ ቶሎ የሚገድለው መጀመሪያ ነው።

4. አንድ ካርድ አብረን እንጻፍ

እንበል፣ ዕድሜያቸው 70 ገደማ የሆኑ እናት ከአለታ ወንዶ መጡ። ስትሮክ ነው፤ ቀኝ እጅና እግራቸው አይታዘዝም። ልጃቸው አብሯቸው አለ። በሲዳሙ አፎ ሲያናግራቸው አጭር መልስ ይሰጣሉ፣ ይገባዋልም። ውሃ ሲጠጡ ያስላቸዋል፣ በከንፈራቸው ጥግ ይፈሳል። ሽንት ያመልጣቸዋል። ጀርባቸውን ስታዩ ከመቀመጫቸው በላይ 3 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ምልክት አለ፤ ቆዳው አልተላጠም፣ በጣት ሲጫኑት አይነጣም፣ ከጎኑ ይሞቃል። ብሬደን፦ ስሜት 3፣ እርጥበት 2፣ እንቅስቃሴ 1፣ መዞር 2፣ ምግብ 2፣ መፈግፈግ 1። ድምር 11። ከፍተኛ አደጋ።

መጀመሪያ የምትጽፉት የመዋጡን ነገር ነው። "ኢምፔርድ ስዋሎዊንግ፣ ሪሌትድ ቱ የአፍና የጉሮሮ ጡንቻ ድካም፣ አዝ ኤቪደንስድ ባይ ውሃ ሲጠጡ ማሳል፣ በከንፈር ጥግ መፍሰስ።" እዚሁ ላይ ልጃቸው ማታ በፔርሙዝ አጥሚት ይዞ ይመጣል። ለእናቱ ነው፣ ከልቡ ነው። ካርዱ ላይ ያለው ቃል ለሐኪምና ለነርስ እንጂ ለእሱ ምንም አይነግረውም። ስለዚህ ሥራው ላይ "አስፒሬሽን ፕሪኮሽንስ" (ምግብ ወይም ውሃ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ጥንቃቄ) ብላችሁ ከጻፋችሁ በኋላ እንዲህ ቀጥሉ፦ "መዋጥ እስኪፈተሽ በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ለልጃቸው በቃል ተነግሯል፣ መልሶ እንዲያስረዳ ተደርጓል፤ አልጋው ራስጌ ላይ ምልክት ተለጥፏል።" መልሶ እንዲያስረዳ የሚለውን አትዝለሉት። "እሺ" ማለትና መረዳት አንድ አይደሉም፤ ሁላችንም እሺ ማለት ለምደናል።

ሁለተኛው ቆዳው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው "ሪስክ ፎር" ብሎ ይጀምራል። አይደለም። ተጭነውት የማይነጣ ከሆነ ሪስክ መሆኑ አልፏል፤ ስቴጅ 1 ፕሬዠር ኢንጀሪ (ተኝቶ ከመቆየት የሚመጣ ቁስል የመጀመሪያ ደረጃ) ነው። "አደልት ፕሬዠር ኢንጀሪ፣ ስቴጅ 1፣ ሳክረም፣ ሪሌትድ ቱ በራሳቸው መዞር አለመቻል፣ በሽንት መርጠብ፣ አዝ ኤቪደንስድ ባይ 3 በ4 ሴንቲ ሜትር ሲጫኑት የማይነጣ ቦታ፣ ሙቀት፣ ቆዳው ያልተከፈተ።" ይህን ሲገቡ አለመጻፍ ሌላም ጣጣ አለው። ከሦስት ቀን በኋላ ሲቆስል "እዚህ ነው የመጣባቸው" ይባላል።

ሥራውን ስትጽፉ ቁጥርና ሰዓት ይኑረው። "ፖዚሽኒንግ" ብቻ አይበቃም። በየ2 ሰዓቱ ይዞሩ፣ ወደ ጎን ሲዞሩ ሙሉ በሙሉ ሳይሆን 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይበሉ። ራስጌውስ? ለቆዳው ብላችሁ ዝቅ ስታደርጉት ለመዋጡ ትፈራላችሁ፤ ከፍ ስታደርጉት ወደ ታች እየተንሸራተቱ ቆዳቸው ይፈገፈጋል። 30 ዲግሪ ሁለቱንም ያስታርቃል። በአፍ መብላት ሲፈቀድ ግን ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይብሉ።

ሁለት ልማዶችን ካርዱ ላይ በግልጽ ከልክሉ። አስታማሚ የቀላውን ቦታ በቫዝሊን ወይም በቅቤ አጥብቆ ያሻል፤ ማሸት ጉዳቱን ያባብሳል። እኛ ደግሞ ጓንት ውሃ ሞልተን ተረከዝ ሥር እናደርጋለን። ብዙ ዋርድ ያየሁት ነው፣ እንደ ብልሃትም ይቆጠራል። የፕሬዠር ኢንጀሪ መመሪያዎች ግን አይደግፉትም። ትራሱን ባታቸው ሥር አድርጋችሁ ተረከዙ አየር ላይ ይንጠልጠል፤ በቃ።

ውጤቱን በኖክ ስትጽፉ ከ1 እስከ 5 ባለው መለኪያ ዛሬ ያለበትንና የሚደርስበትን አስቀምጡ፤ 1 ክፉኛ የተጎዳ፣ 5 ያልተጎዳ ነው። ለምሳሌ የቆዳው ዛሬ 3፣ በ72 ሰዓት ውስጥ 4። "ቆዳቸው ይሻላል" የሚል ግብ ተሳካ አልተሳካ ማለት አይቻልም።

5. ሰዓቱን አታምታቱ

ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ነው፣ መጽሐፉ ላይ አታገኙትም። "በ8 ሰዓት ይዞሩ" ቢባል አንዷ ከቀኑ 8 ሰዓት ትላለች፣ ሌላው 08:00 ብሎ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ያዞራል። ለራሱ ለሚናገር ሰው ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ ያስታውሳችኋል። ለማይናገረው ግን ስድስት ሰዓት በአንድ ጎን መተኛት ማለት ነው። ካርድ ላይ ሁልጊዜ 14:00፣ 02:00 እያላችሁ በ24 ሰዓት አጻጻፍ ጻፉ። በአፍ ስትነጋገሩ እንደለመዳችሁ። ቀኑም ላይ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለው ይጻፍ፤ በተለይ የሕፃን ዕድሜ ሲሰላ።

ስሙ ላልታወቀ ሰው ደግሞ የካርድ ቁጥሩን፣ የመጣበትን ሰዓትና የሚለይበትን ምልክት ጻፉ። "አንኖውን" የሚባል ሕመምተኛ ሁለት ሲሆን መድኃኒት መቀያየር ይመጣል።

6. ከካርድ ላይ የሚወጡ ቃላት

አንዳንድ ቃል ሰውየውን ገና ሳይታይ ይፈርድበታል። "አንኮኦፐሬቲቭ" (የማይተባበር) አንዱ ነው። ምን እንዲያደርግ ጠየቃችሁት፣ በምን ቋንቋ፣ እሱስ ምን አደረገ? ያንን ጻፉ። አንዳንዴ "አንኮኦፐሬቲቭ" የተባለው ሰው መስማት የማይችል ሆኖ ይገኛል።

"ኖንኮምፕላያንስ" (የታዘዘውን አለመከተል) የሚለውን ናንዳ ራሱ ከዝርዝሩ አውጥቶታል፤ እኛ ግን እስካሁን እንጽፈዋለን። መድኃኒቱን ያቋረጠበትን ምክንያት ጻፉ፦ ገንዘብ አለቀበት፣ ከይርጋለም መመላለሻ አጣ፣ ጸበል ጀመረ። "ፑር ሃይጂን" (ንጽሕና የጎደለው) ከማለት "ሴልፍ ኬር ዴፊሲት" (ራስን የመንከባከብ ችግር) ብሎ መታጠብ ያልቻለበትን ምክንያት ማስቀመጥ ይሻላል። "ስትሪት ቦይ" ዲያግኖሲስ አይደለም። "ሪፊዩዝድ" ካላችሁ ምን እንደተነገረው፣ እሱ ያለውን በራሱ ቃል በትእምርተ ጥቅስ፣ ለማን እንዳሳወቃችሁ አብሮ ይጻፍ። "ኮንፊውዝድ" ከማለት "ያለበትን ቦታ ሲጠየቅ ቤቴ ነኝ አለ" ማለት ለሚቀጥለው ሰው ብዙ ይናገራል።

7. ማን እንደሚያነበው አስቡ

አልጋ እግር ላይ የተሰቀለውን ወረቀት አስታማሚ ያነበዋል፣ የጎረቤት አልጋ አስታማሚም ያነበዋል። ኤች አይ ቪ፣ ጥቃት፣ ራስን ለማጥፋት መሞከር እዚያ ላይ አይጻፍም። ቦታው ውስጠኛው ፎልደር ነው። አጭር ምልክት ፈጥሮ አልጋው ላይ መለጠፍም መፍትሔ አይደለም፤ ምልክቱን በሳምንት ውስጥ ጠቅላላ ዋርዱ ያውቀዋል።

ጥቃት የተጠረጠረባት ሴት ወይም ልጅ ስትመጣ ያመጣትን ሰው አስተርጓሚ አታድርጉ። ባለሙያ ባይገኝ እንኳ ቋንቋውን የምትችል ነርስ ከሌላ ዋርድ አስጠሩ። ያለችውን ቃል በቃል ጻፉ። ቁስሉን በቦታው፣ በሴንቲ ሜትር፣ በቀለሙ ጻፉ። እንዴት እንደደረሰ የራሳችሁን ግምት አትጨምሩ። ያ ካርድ አንድ ቀን ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል፤ የተለካ ነገር ይቆማል፣ ግምት ይወድቃል።

8. ርክክቡ በዚያው ቃል ይሁን

ኬር ፕላን በአንድ ቃል፣ ፕሮግረስ ኖት በሌላ፣ የአፍ ርክክብ በሦስተኛ ከሆነ ድካማችሁ ከንቱ ነው። አልጋው አጠገብ ቆማችሁ ችግሮቹን በተጻፉበት ስም አንድ በአንድ ጥሩ፣ ቁጥሩን ከትናንቱ ጋር አስተያዩ፣ ብርድ ልብሱን ገልጣችሁ ጀርባውን አብራችሁ እዩ። የተፈታ ችግር ካለ ሰዓቱን ጽፋችሁ ዝጉት። ያልተዘጉ ችግሮች የተከመሩበት ካርድ ማንም አያነበውም።

ሄድ ነርስ የሆናችሁ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ጥቂት ካርድ በዘፈቀደ አንሡ። የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ይሁን፦ ይህን ካርድ ብቻ አንብቤ፣ ሕመምተኛውን ሳላይ፣ ከየትኛው አልጋ እንደሆነ መለየት እችላለሁ? ካልቻላችሁ ያ ኬር ፕላን ከሌላ ካርድ የተገለበጠ ነው። ለሠራው ሰው በግሉ አሳዩት እንጂ ስብሰባ ላይ አታንሱት፤ የተነቀፈ ሰው በሚቀጥለው አሳምሮ ይገለብጣል።

9. ወደ ቤት ሲሄዱ

ለጤና ጣቢያው የሚሄደው ሪፈር ወረቀት ላይ የናንዳውን ስም ከመጨረሻው ቁጥር ጋር ጻፉ፦ የቁስሉ ስቴጅና ስፋት፣ ብሬደን፣ የመዋጥ ሁኔታ። ለቤተሰቡ ግን ሌላ ወረቀት ያስፈልጋል። "አስፒሬሽን" ለልጃቸው ምንም ማለት አይደለም። "ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይብሉ፣ ትንሽ ትንሽ በማንኪያ፣ ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት አይተኙ፣ ካሳላቸው አቁሙ" የሚለው ይገባዋል። በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍለት። ማንበብ የማይችል ከሆነ ስልኩ ላይ በድምፅ ቅዱለት፤ ሲዳሙ አፎ የሚችል ባልደረባ አይጠፋም። የሚዞሩበትን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር፣ 12፣ 2፣ 4፣ 6 እያላችሁ ጻፉ፤ 14:00 ቤት ውስጥ ግራ ያጋባል። ከታች የዋርዱን ስልክ ቁጥርና የቀጠሮውን ቀን በዓ.ም. አስቀምጡ፤ ቅጂውም ካርዱ ውስጥ ይቀመጥ።